በክረምት ብቻዎን ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲነዱ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደሴ በኩል ሐይቅ ከተማ የሚደርሰው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በበጋ ሰው ቁርሱን ኮምቦልቻ በልቶ ረፋዱን በሐይቁ ዳር ሊያሳልፍ ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ለዚሁ መንገድ ሙሉ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ምክንያቱ ርቀቱ ሳይሆን ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ያለችው በ1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ የሐይቁ ውሃ ደግሞ እንደገና ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ነጂው ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ በአንድ ጠዋትም ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ፣ ወደ ደሴ በሚያወጣው ጠመዝማዛ አቀበት በሐረጎ ላይ ጉም፣ ደሴ ላይ ካፊያ፣ ከደሴ ወዲያ ደግሞ ዶፍ ሊያገኘው ይችላል።

ይህን ሁሉ አልፈው የሚደርሱበት ቦታ ግን ድካሙን የሚያስረሳ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት መሬት ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተገናኝቶ በቀሩት ጎኖቹ ውሃ የከበበው ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አድርገውት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ የተማሩት እዚሁ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞአ መታሰቢያ የሚውለው ኅዳር 26 ቀን ሲሆን ያን ጊዜ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱም የደረቀ ነው። ጸጥታ የሚወድ ሰው ግን ክረምትን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በዚያ ወራት ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሣ የዛፎቹ ጫፍ አስቀድሞ ይታያል፣ ከዚያም መሬቱ በሙሉ ይገለጣል።

ብቻዬን መንዳት ከጀመርሁ ወዲህ የያዝሁት ደንብ አንድ ነው፤ ማንኛውም ውሳኔ መኪናው ቆሞ ይወሰናል። አጠገብዎ ሰው ካለ ስልኩን ያነሣልዎታል፣ በጉም የተሸፈነውን መስታወት ይጠርግልዎታል፣ የጎርፉን ጥልቀት ወርዶ ያይልዎታል፤ «ይበቃናል፣ እንመለስ» የሚልዎትም እርሱ ነው። ብቻዎን ሲሆኑ ይህን ሁሉ የሚሠሩት እርስዎ ስለሆኑ እየነዱ ሊሠሩት አይችሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚነሣ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

ዝግጅቱን በዋዜማው በቀን ብርሃን ይጨርሱት። መጀመሪያ ጎማዎቹን ይመልከቱ። የጎማ ጥርስ ሥራው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል የሚገባውን ውሃ ወደ ጎን ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ ጥርሱ ካለቀ ውሃው መውጫ ያጣል፣ ጎማውም ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዙም። በደረቅ ወቅት የሚያገለግል ጎማ በክረምት ላያገለግል ይችላልና የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ለዚህ መንገድ አይመኑት። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ፤ ትርፍ ጎማውንም አብረው ያስለኩት፤ ብዙ ሰው ይህን የሚረሳው ትርፍ ጎማው ከዓይን የራቀ ስለሆነ ነው። ጎሚስታ ቤት እያሉ የጎማ ብሎኖቹን ራስዎ በእጅዎ መፍታት መቻልዎን ይሞክሩ፤ በማሽን የተጠበቀ ብሎን ሐረጎ ላይ በዝናብ መካከል አልፈታ ቢል የሚረዳዎ ሰው ላይኖር ይችላል። ከክሪኩ ጋር ሰፋ ያለ ጣውላ ይያዙ፤ በዝናብ የራሰ መሬት ላይ ክሪክ ብቻውን ወደ ታች ይሰምጣል እንጂ መኪናውን አያነሣም።

የዝናብ መጥረጊያው ጎማ በበጋው ፀሐይና አቧራ ይደርቃል፤ መስታወቱ ላይ መስመር እየተወ የሚሄድ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የፊቱን መስታወት በውጭም በውስጥም በሳሙና ይጠቡት፤ ከከባድ መኪኖች ጭስ የሚቀረው ቅባት በበጋ አይታወቅም፣ በዝናብና ከፊት በሚመጣ መብራት ግን መስታወቱን ወተት ያስመስለዋል። መብራቶቹን፣ ፍሬቻዎቹንና የፍሬን መብራቶቹን ሰው ከኋላ አቁመው ያስመርምሩ። የፍሬኑን ነገር ለሚያምኑት መካኒክ ያሳዩት፤ ለዚህ መንገድ ከሞተሩ ይልቅ ፍሬኑ ይበልጣል።

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ከእርጥበት በሚጠብቃቸው ፌስታል ውስጥ ይሁኑ። ቦቲ ጫማ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመኪና የስልክ ቻርጀር፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ቆሎና ዝርዝር ብር ይያዙ። ነዳጁን ኮምቦልቻ ላይ ይሙሉ።

ከሁሉ በላይ አንድ የቤተሰብ ሰው ወይም ጎረቤት መንገድዎን በሰዓት ይወቅልዎ። «ወደ ሐይቅ ልሄድ ነው» ማለት አይበቃም። ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ እንዲሁም ለመመለስ ሲነሡ እንደሚደውሉ፣ ካልደወሉም ከስንት ሰዓት በኋላ እንዲፈልግዎ በግልጽ ይስማሙ። ጉም ውስጥ መኪና ቢበላሽብዎ የሚያድንዎ ይህ ስምምነት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የፖሊስ ደግሞ 991 መሆኑን ስልክዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጽፈው ይያዙ። የመንገዱን ደኅንነት በተመለከተ ደግሞ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም፤ በሚነሡበት ጠዋት መናኸሪያ ሄደው ከደሴና ከሐይቅ የመጡ ሾፌሮችን ይጠይቁ። ናዳ ወርዶ እንደሆነ፣ መንገድ ተዘግቶ እንደሆነ፣ ጸጥታው እንዴት እንደሆነ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። «ዛሬ ይቅርብህ» ካሉ ይቅር።

የመነሻው ሰዓት ሁለት ነገሮችን የሚያስታርቅ መሆን አለበት። በክረምት ብርቱው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ነገር ግን በጣም ማልደው ከተነሡ ጉሙ ሐረጎ ላይ ሳይነሣ ይደርሳሉ። እኔ የምነሣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጉሙ ገና ከሆነም ኮምቦልቻ ተቀምጬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

ሐረጎ

ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል። ከቆላማው ወገን የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝም ወደ ጉም ይለወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ ሆነው ቀና ብለው የሚያዩት ደመና ሐረጎ ላይ ላለው ሰው ጉም ነው። አንዱን ኩርባ ሲያልፉ መንገዱ የጠራ፣ ቀጣዩን ሲዞሩ ደግሞ የመኪናዎ አፍንጫ የማይታይ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ፍጥነትዎን ይቀንሱ። በአጭር መብራት ይንዱ፤ ረጅሙ መብራት ከጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንዎን ያጭበረብራል። የሚታይዎትን ርቀት እኩሌታ ሳይጨርሱ መቆም በሚችሉበት ፍጥነት ይሂዱ፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ የእግረኛ ፍጥነት ይሆናል፣ ይሁን። ሬዲዮውን ያጥፉና መስኮቱን ጥቂት ይክፈቱት፤ የሲኖትራክን ድምፅ ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይሰማዋል። ኩርባ ሳይገቡ ጥሩምባ ያሰሙ።

ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ጭነት ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚያልፍባት መገናኛ ስለሆነች በዚህ አቀበት ላይ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ከፊትዎ አይጠፋም። አይቅደሙት። እርሱ የሚሄድበት ፍጥነት የሚያናድድ ቢሆንም ቀድመው የሚያገኙት ሌላ ተሳቢ ነው። በደረቅ መንገድ የሁለት ሰከንድ ርቀት የሚበቃ ከሆነ በእርጥብ አስፋልት ቢያንስ አራት ሰከንድ ይተዉ፤ ከፊት ያለው መኪና አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ ሲያልፍ ጀምረው «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያሉ ቢቆጥሩ ይታወቃል። በአቀበት ላይ ከሆነ ርቀቱን ይጨምሩ፤ ጭነት የከበደው መኪና ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል።

ከተቆረጠው ገደል ሥር ሲያልፉ አስፋልቱን ብቻ ሳይሆን ዳገቱንም ይመልከቱ። መንገዱ ላይ ትናንሽ ጠጠር ተበትኖ ካዩ፣ ወይም ከላይ የሚወርደው ውሃ በድንገት ደፍርሶ ከቀላ፣ ትልቁ ድንጋይ ሊከተል ይችላልና ከሥሩ ቆመው ከዝናብ አይጠለሉ። ለመቆም ከተገደዱ ከአስፋልቱ ፈጽመው የሚወጡበትን ሰፊ ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያም አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ጉም ውስጥ አስፋልት ላይ እንደቆመ መኪና አደገኛ ነገር የለም።

ከዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ሐረጎ አጋማሽ ላይ ጉሙ ቢበረታብኝ እንዲህ ካለ ቦታ ወጥቼ ቆምሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና ሞተሩን አስነሣሁ። እንጨት ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት መስኮቴን መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ የት ትቸኩያለሽ? አሁን ይነሣል፣ አብሽሪ» አሉኝ። ሞተሩን መልሼ አጠፋሁ። ጉሙ ሲነሣ፣ ሊወጡ ሲጣደፉ ቀድመውኝ ከሄዱት መኪኖች ሁለቱ ከእኔ ሦስት ኩርባ ከፍ ብለው ተጋጭተው ቆመው አገኘኋቸው፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረጎ ላይ የማጠፋውን ሰዓት እንደባከነ አልቆጥረውም።

ከደሴ ወዲያ

ደሴ ላይ ቆመው ይውረዱና ጎማዎቹን በዓይንዎ ይዙሩ፣ ወደ ቤት ይደውሉ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ። ጉዞውን የመቀጠል ወይም የመመለስ ውሳኔ የሚወሰነው እዚህ ነው። እኔ ወደ ጦሳ ተራራ እመለከታለሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጫፉ ከታየ እቀጥላለሁ፣ ጥቁር ደመና እስከ ወገቡ ከሸፈነው ደግሞ ቀኑን ደሴ አሳልፌ እመለሳለሁ። የደሴ ጎዳናዎች ራሳቸው ቁልቁለት ስለሆኑ ዝናብ ሲዘንብ ጠጠርና አሸዋ ይዘው ይወርዳሉ፤ ባጃጆቹም ጎርፉን ለመሸሽ ሳያስቡት ወደ መሐል ይገባሉ።

ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ከሐረጎ ጠመዝማዛ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚደርስ ሰው እግሩ ነዳጁን መርገጥ ይጀምራል፤ እዚህ ጋ ይጠንቀቁ። ውሃ የሚቋጥረው ለጥ ባለው አስፋልት ላይ ነው፣ ጎማ የሚንሳፈፈውም በፍጥነት ነው። መሪው በድንገት እንደ ላባ ከቀለለብዎ ጎማው ውሃ ላይ ወጥቷል ማለት ነውና ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውንም አያወዛውዙ፤ ነዳጁን ቀስ አድርገው ይልቀቁና መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ጎማው መልሶ መሬት ይይዛል። በክረምት ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን ከብቱም፣ አህያውም፣ ገበያተኛውም አስፋልቱን ይመርጣል። ጃንጥላውን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ የሚሄድ ሰው መኪናዎን አያይም፣ አይሰማምም፤ ውሃ እንዳይረጩትም ፍጥነትዎን ቀንሰው ይለፉት።

ሱሉላን አልፈው ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ዋናው አሳሳቢ ነገር ደራሽ ውሃ ነው። እርስዎ ያሉበት ቦታ ዝናብ ባይኖርም ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ሊደርስ ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትንሽ አውቶሞቢልን ከመሬት ሊያነሣ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ ትልቁንም መኪና ሊወስድ ይችላል፤ ደፍርሶ የሚሄድ ውሃ ደግሞ ሥሩ ያለው አስፋልት ይኑር ይፍረስ አያሳይም። ስለዚህ መንገዱን ያቋረጠ ጎርፍ ካገኙ ይቁሙ። ደራሽ ፈጥኖ እንደሚመጣ ፈጥኖ ይጎድላል። አይሱዙው ተሻገረ ብለው አይከተሉት፤ የእርሱ ቁመትና ክብደት የእርስዎ አይደለም። ጥልቀት የሌለውን ውሃ ካለፉ በኋላ ፍሬኑን ደጋግመው በስሱ እየነኩ ያድርቁት። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ግን ለማስነሣት አይሞክሩ፤ ውሃ የጠጣ ሞተር ሲነሣ ውስጡ ይሰበራል።

በሐይቁ ዳር

ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ ውሃው በስተምሥራቅ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም በጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለ አፈጣጠሩ በአካባቢው የሚነገረው ተረት፣ በአንዲት ነፍሰ ጡር ላይ ግፍ ስለተፈጸመ ፈጣሪ ተቆጥቶ ዙሪያውን ውሃ እንዳደረገውና እርሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም እንደቀረ ነው፤ የቀረው መሬትም ይኸው ገዳሙ ያለበት ነው ይባላል።

አስፋልቱን ለቀው ወደ ውሃው ሲወርዱ መኪናዎን ከማስገባትዎ በፊት በእግርዎ ይሂዱና መሬቱን በተረከዝዎ ይጫኑት። ተረከዝዎ ከገባ ጎማውም ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ «ጥቂት ሜትር ነው» ብዬ ገብቼ የፊት ጎማዎቼ እስከ እምብርታቸው ሰጠሙ፤ ይብሱን ነዳጅ በረገጥሁ ቁጥር ጉድጓዱ ጠለቀ። መኪናዎ ከያዘው ጎማውን አያሽከርክሩት። ጭቃውን ከጎማው ፊት ይዛቁ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይና ቅርንጫፍ ያንጥፉ፣ በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ ይሞክሩ፤ ካልሆነ ሰው ይለምኑ። የአካባቢው ሰው ሳይጠሩት ይደርሳል፤ ገፍቶ ላወጣዎ የሚገባውን ይስጡ፣ ባይቀበልዎም ያመስግኑ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናውን ከተማው ውስጥ ጠባቂ ባለበት ቦታ አቁሞ የቀረውን በእግር ወይም በባጃጅ መሄድ ነው።

ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት ቅጥሩን አታልፍም። እኔም ሴት በመሆኔ ባሕረ ገቡን የማውቀው ከውጭ፣ ከውሃው ዳር ሆኜ ነው፤ ይህን አስቀድማ የምታውቅ መንገደኛ ደርሳ አታዝንም። ወንድ ከሆኑ ከበሩ ላይ ያሉትን አባቶች ያስፈቅዱ፣ ጫማዎን ያውልቁ፣ ለጉብኝት የሚጠየቀውን ይክፈሉ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል በታሪክ ጥናት የታወቀ ነውና ስለ መጻሕፍቱ የሚያስረዳ አባት ካገኙ ጊዜ ሰጥተው ያዳምጡ። ሴት ከሆኑ ደግሞ ከዳርቻው ዞር ዞር እያሉ ባሕረ ገቡን በጎን የሚያሳይ ቦታ ይፈልጉና ዝናቡ እስኪያባራ በትዕግሥት ይቀመጡ። ካባራ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሚታዩት ናቸው፤ ውሃው ሳይነቃነቅ ዛፎቹን ገልብጦ ያሳያል፣ የወፎቹም ድምፅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። መብረቅ ሲያስገመግም ግን ከዛፍ ሥር አይቁሙ፣ በጀልባም አይሂዱ፤ ወደ መኪናዎ ወይም ወደ ቤት ይግቡ።

ሲመለሱ

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ደውለው ለመመለስ መነሣትዎን ይንገሩና ሳይዘገዩ ይውጡ። ሰማዩ ቢጠራም ይህን ሰዓት አያሳልፉት፤ የክረምት ከሰዓት አይታመንም፣ የቀሩት ኩርባዎችም ከባዶቹ ናቸው። ደሴ ላይ እንደገና ያርፉ። ሐረጎን ለመውረድ 10 ሰዓት ካለፈና ጉም ካለ አይውረዱ፤ ደሴ ይደሩ። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ጠዋት ሲነሡ ኪስዎ ውስጥ መኖር አለበት፤ ለአዳር የያዘ ሰው በጨለማ ለመውረድ አይገደድም።

ቁልቁለቱን አቀበቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱት። በሁለተኛ ወጥተው ከሆነ በሁለተኛ ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ ይምረጡ። ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያስገቡት፤ ነጻ አድርገው በፍጹም አይልቀቁት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ደግፈው ከያዙት ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይተዋል። አጥብቀው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ፣ ደግመው ይርገጡ። ይህን ግን ከኩርባው በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይጨርሱት፤ በእርጥብ ኩርባ መሐል በብርቱ የተረገጠ ፍሬን መኪናውን ወደ ገደሉ ያንሸራትታል። የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ከሸተተዎ ሰፊ ቦታ ላይ ወጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቀዝቅዙት፤ ቸርኬው ላይ ውሃ አያፍሱ። ሽታው የሚመጣው ከኋላዎ ካለ ከባድ መኪና ከሆነ መንገድ ለቀው ያሳልፉት።

ኮምቦልቻ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠብቅዎን ሰው ይደውሉለት። በማግሥቱ የመኪናውን ሥር በብዙ ውሃ ያሳጥቡ፤ በፍሬኑና በቸርኬው መካከል የደረቀ ጭቃ ይበላቸዋል። እርጥቡን ምንጣፍ አውጥተው ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ሰዓት ያስጡት፣ በሮቹንም ከፍተው ውስጡን ያናፍሱት፤ ትርፍ ጎማ ቀይረው ከነበረም የተነፈሰውን በዚያው ቀን ጎሚስታ ጋ ይውሰዱት።